አራት ኒውተን ከምናምን

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፤ ነፋሱ ሲያንኳኳ በሩን፣
ልጁ በጣሳዋ ወገብ ጠመጠመ የመዳብ ክሩን።
«ጋሼ ሸዋፈራሁ፣ ለትርንጎ ይስጡ ይቺን ጣሳ፣
ጭብጥዎን እንለካለን፣ ከጠረጴዛው ስትነሣ።»

ሠላሳ ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ
ክር ሲቀጥል የኖረ ጣት፣ እንዲህ ሊለካ!

ሰጡ። መስመሩ ወጣ፣ ቆመ፣ አዘቀዘቀ፤
የሷ ጣት ሲጠብቅ የሳቸው ለቀቀ፤
ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ከሽፋሽፍት ለቀለለች፣
ጣሳዋ ከሰጪ ወጥታ፣ ከተቀባይ ሳትደርስ ዋለለች።

«አራት ኒውተን ከምናምን» ተባለ፣ ተጽፎ፤
ግራቸው፣ ያልተጠራው፣
ቆሞ ነበር የቀኛቸውን ክርን ደግፎ።

«ግራውን ይተዉት ጋሼ፣ ንባቡን አዛባብኝ።»

«በአንድ እጅ ከሆነማ፣ ወርውርላት በለኝ።»