ክትትል ያቋረጠ

ስልኩ ከተዘጋ ሦስተኛ ወሩ ነው፤
ፎርሜ ላይ ሦስት ሳጥን፦ «አለ»፣ «ሞቷል»፣ «ጠፋ» የሚለው።
የጥናት ቁጥር አርባ ሰባት፣ ነጭ የደም ሕዋስ የበዛበት፤
እስክሪብቶዬ «ጠፋ» ላይ ደርሶ እጄ አመነታበት።

ታክሲው ኮዬ ፈጬ አቧራው ላይ ጣለኝ፤
ብሎኩ ሁሉ መንታ፣ ማን ከማን ይለይልኝ?
ጀሪካን ከደረደሩት አንዷን ጠየቅኋት፤
«ዘበኛው ወርዶፋ? ያውና፣ ከቆርቆሮዋ ቤት።»

ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፤
ለጣፊያው የላላው ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ጠብቆ ሳይ
ደሙን ሳልቀዳ ግማሹን አነበብኩ።
«ስልኬን ተሰረቅኩ፤
ዘበኛ ሆኜ፣ ከገዛ ኪሴ!» ብሎ በራሱ ሳቀ።
«ነጩ ሕዋስ ዘበኛ ነው ብለሽኝ አልነበር?
ዘበኛ ሲበዛ ሌባው ከውስጥ ነው፤ ይህንንስ ከማን ልማር?»

«ጠፍተዋል ልል ነበር» አልኩ፣ ፎርሙን ዘርግቼ።
«እኔ? መች ጠፍቼ!
ያ ደረጃ የምስር ማሳዬ፣
ያ መኪና ማቆሚያ አውድማዬ።
የጠፋው እሱ ነው። እኔማ ይኸው
በወር ደሞዝ የምጠብቀው።»

ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለኝም።

ባዶ ብልቃጥ ሰጠኝ፣ አንድ ጣሳም ጨምሮ፤
ለእያንዳንዱ ክኒን አንድ ሽምብራ፣ ከመጨረሻው አዝመራ ቆጥሮ።
ዘጠና ሁለት ቀን። ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፦ ዘጠና አንድ ፍሬ።
«አንዷስ?»
«እሷንማ ዘራኋት፣ ከቧንቧው ሥር፣ ዛሬ።»