ካይኪሊያ

እኔው ነኝ ነጋሪው፣ አፌን በቆረጠው፤
የላቲን መምህሩ፣ ዕውቀት ያቀበጠው።
ሱልሞና ከተማ፣ በየካቲት ብርድ፣
ኤርሜቴ በሱቁ መስታወት ሲሞርድ፣
«የልጅህ ስም» አልኩት «ቼቺሊያ አይደለም፤
በጥንት ሮማ አፍ ላይ ‹ቸ› የሚባል የለም።
ካይኪሊያ ነው፣ በ‹ከ›፣ ጉሮሮን ሲነካ፤
ፍቺውም ዕውር ነው፤ ሳታውቀው ነው ለካ።»

ሞረዱ ቀጥ አለ።
ጣቱ ላይ የመስታወት ዱቄት።
«አገር በእኔ መነጽር ሲያነብ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«ልጄን ዕውር ብዬ ጠራኋት?» አንገቱን አዘንብሎ።

ብቅ አለች ልጅቷ፤ ከልደቷ ጀምሮ
ድምፅ አንኳኩቶ አያውቅም የዚህችን ልጅ ጆሮ።
በዓይኗ ነው የምትሰማ፤ ከንፈር ታነባለች፤
‹ካይኪሊያ› ብዬ ብጠራት አፌን መረመረች፣
ምንም አላገኘች።
‹ከ› ጉሮሮ ውስጥ ናት፤ ውጭ አትታይም።

አባቷ ጠራት፤ ከንፈሩ ሾለ፣ ሁለቴ፦
ቼ፣
ቺ፣
ሮጣ ጭኑ ላይ ወጣች፤
ስሟን፣ ገና ከአፉ ሳይወርድ፣ በጣቷ ነካች።

እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ
የመነጽሬን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ።