ሳንቲም

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከለገሃር በላይ፣
ሰደርያ ለብሼ፣ «በጎ ፈቃድ» የሚል ከጀርባዬ ላይ፣
ልረዳ መጣሁ።
እውነቱን ልናገር፤ ከጽድቁም ትንሽ፣ ከወረቀቱም ትንሽ ፈልጌ ነበር፣
ማኅተም ያለበት፣ ለአለቃዬ የማሳየው፣ ሰው መሆኔን የሚመሰክር።

ትርሲት ከበሩ ላይ ዊልቸሯን አዙራ ስም ትመዘግባለች፣
ሜትርና ጠመኔ፣ የውሃ ልክ ጭምር፣ ለመጣው ታድላለች።
«አይዞሽ» አልኳት፣ ከሰላምታዬ አስከትዬ፣
መግፊያውን ያዝኩላት ሳልጠይቅ፣ ደግ ነኝ ብዬ።
ጎማዋን ጨበጠች። ዊልቸሩ ቀጥ አለ፣ እኔ ብቻ ሄድኩኝ፣
በትከሻዋ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ።
«ወንድሜ፣» አለችኝ፣ «ይህ የያዝከው ነገር እግሬ ነው።
የሰው እግር ይዘህ ወዴት ልትሄድ ነው?»
ከዚያ ጠመኔውን ሰጠችኝ።

ስምንት ነን። ነጋሲ በክራንቹ ከሁላችን ቀድሞ፣
ፎቶ አንሺዋ ራህመት፣ ግራ እጇ ደረቷ ላይ ተጣጥፎ፣
ሌሎቻችን ደግሞ ገና ምን እንደምንሠራ የማናውቅ።
ከፖስታ ቤት ጀምረን ቸርችልን ወደ ላይ፣
እያንዳንዱን ደፍ፣ እያንዳንዱን ጠርዝ፣ የረገጥነውን ሳናይ።
«ከመሬት እስከ ጫፉ?» ትላለች፤ እጎነበሳለሁ፣
ሜትሩን ዘርግቼ ቁጥር እጠራለሁ።

መድኃኒት ቤቱ፦ ሃያ ሁለት።
ባንኩ መወጣጫ አለው፤ አለው ብቻ። ሸርተቴ ነው።
«ይሄ» አለ ነጋሲ፣ «ብሩን ሳይሆን ነፍሱን ሊያስቀምጥ ለመጣ ሰው ነው።»
መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ፦ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ላይ ወረቀት፣
«ለጊዜው አይሠራም»፤ ወረቀቱ ራሱ ወይቧል ከጊዜ ብዛት።
ታክሲ ረዳቱ ዊልቸሯን አይቶ «ሒሳቡ የሁለት ሰው ነው» ሲላት፣
«ድምፄም እንዲሁ በሁለት ቢቆጠር!» ብላ ሳቀችበት።

አደባባዩ ጋ ሳንደርስ አንድ አዛውንት፣ ግራጫ ኮት የለበሱ፣
መንገድ አቋርጠው መጡ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ።
ትርሲት አንገቷን ደፍታ ቁጥር ትጽፋለች፤
ጭኗ ላይ ደብተር ነበር፤ ደብተሩ ላይ አንዲት ሳንቲም ጠብ አለች።
«እግዜር ይማርሽ ልጄ።»

ዝም አልን። ራህመት ካሜራዋን ዘጋች።
እኔ ጫማዬን አየሁ፤ ስንቱ ጭን ላይ እንዲሁ ጥዬ አልፌ ይሆን?
ትርሲት ግን ሳንቲሟን አንስታ አገላብጣ አየቻት፣
እንደ ሚዛን ድንጋይ በመዳፏ መዘነቻት።
«አባባ፣ ሳንቲም እየሰበሰብኩ መሆኔን በምን አወቁ?
ብቻ እንዲህ ያለውን አይደለም። እባክዎ አይራቁ፤
ሰጥተውኝ ከሚሄዱ፣ ይዘውልኝ ይቁሙ።»
የሜትሩን ጫፍ ዘረጋችላቸው።

ኮታቸውን ሰበሰቡ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ተንበረከኩ፣
በሁለት ጣታቸው፣ እንደ ክር፣ ጫፉን ይዘው ለኩ።
ለካ የሚሠሩበት ሕንፃ ኖሯል።
«ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ በር» አሉ «ስገባ ስወጣ፣
ደረጃ ይኑረው አይኑረው ልቤ ላይ አልመጣ።»

«ስንት?»
«አሥራ ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።
የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ነጥብ ቢጤ ሳይ ማጠጋጋት ነው አመሌ።
ጠጋ ብላ ሜትሩን አየች።
«አሥራ ስምንት ከግማሽ። ግማሿን ሳንቲም ምን አደረግካት?
እኔ ውጭ የምቀረው እኮ በሷ ምክንያት።»

ሰረዝኩ። እንደገና ጻፍኩ።
አዛውንቱ ጫፉን ገና አልለቀቁም፤
ሳንቲማቸውም ደብተሩ ላይ ነበረች፣ ገጹን ነፋስ እንዳይገልጠው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደክመን ተመለስን፣ አቧራ ለብሰን፣
በራሳችን በር ልንገባ፣ ስንስቅ፣ ሻይ ሻይ ብሎን።
ትርሲት ከደፉ ፊት ቆመች። ሜትሩን ወረወረችልኝ።
ሰባት።
ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።
«ጻፈው» አለች።