ቁልፍ አሥራ ሦስት

ኮምቦልቻ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣
ቦርከና ከታች፣ ጨረቃ ከላይ፣
እኛ መሐል ላይ፣ ሽመና ክፍሉ ውስጥ፣
የጥጥ ብናኝ ለብሰን ስንራወጥ።

ሃያ ሁለት ዓመት ይቺን ማሽን አውቃታለሁ፣
ስታስነጥስ፣ ስታኮርፍ፣ ስትዋሽ እለያለሁ።
ቁጥሯ አርባ ሰባት፣ ጠባይዋ የአማት፣
ቀን ደህና ትውልና ክር በጣሽ ሌሊት።

ስትቆም ግን ሕግ አለን፣ ሳይጻፍ የኖረ፤
ሴቷ እጇን አጣምራ፣ ወንዱ ቁልፍ ይዞ በረረ።
መካኒኩ ይመር ከእንቅልፉ እስኪነሣ
የሜትር ክፍያችን ይጠፋል፣ ይረሳ።

ያን ሌሊት ቀድሜ ሰምቼዋለሁ፣ ከምሽቱ አምስት ጀምሮ፤
ግራ ጎኗ ውስጥ የሚያቃስት ነገር ነበር ተሰውሮ።
ለማን ልንገረው? ስሙን አላውቀውም።
ስም ለሌለው ሕመም ሐኪም አይጠራም።

ለልምምድ የተላከች ጦይባ እንድሪስ ያን ለት ነው የመጣችው፣
ከኢንስቲትዩቱ፣ አራተኛ ዓመት ላይ የደረሰችው፣
ጦሳን ተደግፋ ደሴ ያደገችው፣
በስምንት ዓመቷ የአባቷን ራዲዮ የፈታታችው።
(መግጠሙን ያኔ አልቻለችበትም፤ ኩርኩሙን ቻለችው።)

«የሻርፕሽን ጫፍ ቅበሪው» አልኳት፣ «ማሽን ጨርቅ ይወዳል።»
የጎደለ ጣቴን አየት አርጋ፣ «ጣትም» አለች፣ «ይወዳል።»

መጀመሪያ ተሳሳተች። ይሄን አልደብቅም፤
ሴት ልጅን ለማመስገን ውሸት አያስፈልግም።
ፊውዝ ነው ብላ ለወጠች፤ ማሽኗ ዝም።
ሞተሩን ነካካች፤ አሁንም ዝም፣ ዝም።
ከወዲያ ማዶ፣ ካንዱ ፉጨት፣ ካንዱ ሳቅ፣
«ይመር ይምጣ!» አሉ፣ «ልጅት ትውረድ፣ ትራቅ!»

አላለቀሰችም። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ፣
ግራሶው ጉንጯ ላይ እንደተሰመረ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እትዬ፣ ከሷ ጋር እርስዎ ነዎት የኖሩ፤
ከመቆሟ በፊት ምን ሰሙ? ይናገሩ።»

ሃያ ሁለት ዓመት
ሜትር ቆጠሩብኝ፣ ደቂቃ ቆጠሩብኝ፣
ይህን ጥያቄ ግን
ማንም አልጠየቀኝ።

«ግራ ጎኗ» አልኳት። «ገጭ አይደለም፣ ሲጥ ይላል፣
ዘይት እንዳጣ በር፤ ሲሞቅ ይብሳል።»
«ኩሽኔታ!» ብላ ብድግ። «ኩሽኔታው ነው የነቀዘ!»
ለካ ስም ነበረው! አፌ ላይ ስሙ ፈዘዘ፤
ደግሜ አልኩት በሆዴ፣ እንደ ልጅ ፊደል እንደያዘ።

«ቁልፍ አሥራ ሦስት!» አለች፣ እጇን ዘርግታ፣
ዓይኗ ማሽኗ ሆድ ውስጥ፣ ወደኔ ሳትመለከታ።
ቁጥሩን ብረቱ ላይ በመብራት አነበብኩት።
ከባድ ነው ይሉን ነበር።
ቀዝቃዛ ነው እንጂ። አነሣሁት።

ሊነጋጋ ሲል ነው አርባ ሰባት የጮኸችው፤
እልል ብለን እንደሁ ድምፃችንን ዋጠችው።
ይመር መጣ፣ ዓይኑን እያሻሸ ቆሞ አዳመጠ፣
«ማነው የሠራት?» አለ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ለጦይባ ሰጠ።

አንቺ ሐረጎን በሚኒባስ በማለዳ የምትወርጂ፣
ደብተርሽን አቅፈሽ፣ ቀመር የምትወጂ፣
ሲስቁብሽ እወቂ፤ ይመርም ስንት ፊውዝ አቃጥሏል፣
የሱ ስህተት ግን «ልምድ» ተብሎ ተጽፏል።
ያንቺንም እንደዚያው ጻፊው።

እኔ ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ።
አዳዲሶቹ ልጆች ማሽን ሲያቆምባቸው እኔን ነው የሚጠሩኝ።
ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ሥር አንድ ብረት አለ፣
ጦይባ ስትሄድ ትታልኝ፤ ጫፉ የተላላጠ፣ የቆሸሸ።
ማታ በር ላይ ፍተሻ ነው። ዘበኛው ያወጣውና፣
«እትዬ ሁሉአገርሽ፣ ይሄ ቁልፍ የማነው?» ይለኛል፣ ገልበጥ አርጎ አየት አርጎ።

«የኔ ነው» እለዋለሁ።