ዘጠኝ ጥርስ

ሦስት ዓመት ሲያፈጥብኝ፣ ፊቱን ብቻ አውቄ፣
ዛሬ ጀርባውን አየሁት፣ በጉልበቴ ወድቄ።
ልሸጠው ነበር፤ ገዢው በስልክ «ጀርባው ላይ ምን ምን አለ?» ቢለኝ፣
ጀርባ ያለው አልመሰለኝም ነበርና፣ ሳላይ መዋል አላስቻለኝ።

ሊዩበን የተወው ሣጥን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
አቧራው የበግ ለምድ፣ ሽቦው የሸረሪት ድር፤
ጎትቼ ሳዞረው፣ ቀረሁ ደንግጬ፤
ይህን ሁሉ አፍ ይዞ ዝም ብሎ ኖሯል፣ እኔ ፊቱ ተቀምጬ።

እኔ እኮ ዝድራቭካ ነኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት
በቫርና ወደብ ላይ፣ ከክሬኖቹ ፊት፣
መርከብ በጢስ ማውጫው ከሩቅ የለየሁ፣
ስንዴ ይሁን ሶዳ፣ ውኃው ውስጥ በሰመጠበት ልክ ያወቅሁ፤
አሁን ከአንድ ቆርቆሮ ጀርባ ቁጭ ብዬ
«የትኛው ምን ይሻል?» እላለሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ።
የጎረቤቴ ልጅ ፖርት ነው ይለዋል፤ ወደብ።
እንዲያ ከሆነማ የእኔ ሰፈር ነው፤ ረጋ ብዬ ላስብ።

የእጅ ባትሪ አበራሁ። ሁለት ክቦች፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ፤
አረንጓዴው የማውስ፣ ሐምራዊው የኪቦርድ፤ ቀለሙ ነው የሚያሳልፍ።
ሰማያዊው ሰፊ፣ አሥራ አምስት ቀዳዳ በሦስት ረድፍ፣
ስክሪኑ ታስሮበታል በሁለት ብሎን፣ እንደ መርከብ በገመድ ጫፍ።
ጠፍጣፎቹ ዩኤስቢ ናቸው፤ እነሱን ማን ያጣቸው፤
በአንዴ ገብተውልኝ አያውቁም፤ ሁለቴ ገልብጬ ነው የማስገባቸው።
ወይን ጠጅ ቀለሙ ረጅም፣ ሃያ አምስት ቀዳዳ ያለው፣
የፕሪንተሩ ነበር፤ ፕሪንተሩ እንደተጣለ ማንም አልነገረው።
ትንሿን ሮዝ ቀዳዳ አላወቅኋትም።
ዘለልኳት።

አንዱ ግን እንቢ አለኝ፤ ቀዳዳ አይደለም፤ ጥርስ፤
አምስት ከላይ፣ አራት ከታች፣ ጣት የሚጎረብጥ፣ የማይነክስ፤
የኤሌክትሪክ ሰዎች ወንዴ የሚሉት፣ ሴቴዋን የሚፈልግ፤
እሷስ የት ነው ያለችው? ከየት ላፈላልግ?
ፕላመንን ጠራሁት፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤
«አክስቴ፣ ይሄ ከእኔ በፊት ነው» ብሎ ሄደ ወደ ቤቱ።

የሊዩበንን መሳቢያ አልጋ ላይ ደፋሁት፤
የሽቦ እባብ ፈሰሰ፤ አንድ በአንድ ለካሁት።
አላስገደድኩም። ወደብ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤
ያልተለካ መርከብ የሚገፋ ሰው፣ መርከቡንም ድንጋዩንም ነው የሚሰብረው።

አንዱም አልሆነ። ወገቤን ይዤ ስነሣ፣
ከመጋረጃው ጀርባ ግራጫ ገመድ፣ ጫፉ በላስቲክ ታስሮ፣ እንደ ተረሳ፤
የድሮ አንቴና ይመስለኝ ነበር፣ ከጣሪያ በመስኮት የወረደ፤
ፈታሁት። ቆጠርኩት። አምስት፣ አራት። እጄ ራደ።

ገጠምኩት። ሁለቱን ብሎን በጥፍሬ አጠበቅሁ፤
ማብሪያውን ተጭኜ፣ እንደ ሽማግሌ አስሎ እስኪነቃ ጠበቅሁ።
ነጭ መስኮት ተከፈተ፤ በውስጡ ቁጥር ብቻ፤
ቀን፣ ሰዓት፣ የንፋስ ፍጥነት፣ የንፋስ አቅጣጫ።

ያ ጣሪያ ላይ የሰቀለው፣ ሦስት ኩባያ የሚሽከረከር፣
እርግብ ማባረሪያ ነው ያለኝ፣ ለካ ንፋስ ይቆጥርበት ነበር!

ከጥቁር ባሕር ንፋስ ሲበረታ ክሬን ይቆማል፤ ያን ቀን ቀድሜ እገባለሁ፤
የቦሎቄው ሾርባ ትኩስ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ «ገመትኩ» ይለኛል፤ አምናለሁ።

የመጨረሻው መስመር የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት፤
ከዚያ ገመዱን ነቅሎ፣ ጫፉን በላስቲክ አሰረ፤ ምን ሊያደርግለት?
እያየሁት፣ ከሥሩ ሌላ መስመር ገባ፣ የዛሬ፤
ሰባት ሜትር ተኩል፣ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ልክ አሁን፣ በሰፈሬ።

ሰባት ተኩል ክሬን አያቆምም። ድስቱን ግን ጣድኩት።
ገዢው መልሶ ሲደውል፣ «ወደቡ ተይዟል» አልኩት።