ሁለት ፓውንድ በማይል

በኮርንዎል ወደብ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ገና ሳይነሣ ጀልባ፣
ዓሣ ጠባሿ ሞርዌና፣ እንደ መጥበሻዋ
ስብ ተቀብታ ወደ ባሕሩ ስትገባ፣
ዓሥራ ሁለት ማይል ነው ስእለቷ፤ ወንድሟ ባረፈበት ቤት
እጅ ይዛ የምታነጋ ነርስ እንድትቀጠር ለሌት።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ዴንዚል፣ እጁ የማይፈታው ንፉግ፣
«በማይል ሁለት ፓውንድ» ብሏል፣ ሦስት ላይ እንድትመለስ ሲፈልግ።

ስድስት ላይ ቆጠረ። ዘጠኝ ላይ ኪሱን ዳበሰ።
ዓሥር ላይ አንዳች ነገር ነደፋት፤ ቀዘፋዋ አነሰ።
«ውጪ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው «በርቺ!» ሆነ፣
ከገዛ ድምፁ እንደ ባነነ።

ሳንቲም በሳንቲም ተጎተተች። ዓሥራ ሁለት።

ስትወጣ ቆርቆሮው ቀረበ፤ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ።
ዴንዚል ሃያ አራቱን ፓውንድ ቆጥሮ ከተተ በሙሉ፤
ከዚያ በረዶ እጆቿን ወስዶ በብብቱ ሸጎጠ፣
ደም እስኪዞራቸው ድረስ
አንድ ቃል ሳይናገር ተቀመጠ።