ለጅቧ የተሰበረ እንቁላል

"ለኬክ ነው ለጥብስ?" አለችኝ ኡም ራምዚ፣ እንቁላሉን ስትቆጥር።
"ለጅብ ነው" ስላት ሳቀች፤ ሁለት መረቀችልኝ፣ ለጅቧ ክብር።
ከዋዲ ኒስናስ እስከ ሃዳር ደረጃው ብዙ ነው፤
አንዱም ሳይሰነጠቅ ወጣሁ፣ ከረጢቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፌው።

ሳንቃው ቆሞ ይጠብቃል፤ ስምንቴ ጠጥቷል ጠመኔና ሙጫ፤
በብርጭቆ ውስጥ የተልባ ዘይት፣ ያ ሙቀጫ ውስጥ የሚንጫጫ፣
እዚህ ዝም ብሏል።

በከሰል ነደፍኳት ጅቧን፤ ያበዛሁትን በዳቦ ጠረግሁ፤
የጠቆረውን ቁራሽ መስኮቱ ላይ አኑሬ ረሳሁ።

ሴምዮን ነው ያስተማረኝ፤ ከሌኒንግራድ ይዞ የመጣ
አንድ ሻንጣ ብሩሽ፣ አንድ ሳል፣ ብዙ ቁጣ።
የሱ ዕብራይስጥ በሩስኛ ሲነክስ፣ የኔው በአማርኛ ሲያነክስ፣
በእጅ ነበር የምንግባባው፤ አስኳሉን ከመዳፍ ወደ መዳፍ
ሲያንከባልል፣ እርጥበቱ እስኪለቀው ድረስ።
ከዚያ ቆዳውን በሁለት ጣት ያነሣል፣ በመርፌ ይወጋል፤
ፀሐይ ይፈስሳል።

"ፍጠኚ!" ይለኛል፣ "እንቁላል አይጠብቅም፤
ዘይት ግን ዘመድ ነው፤ አይቸኩልም።"
"እኛ ዘንድ ቀስ ብሎ በእግሩ የሚሄድ እንቁላል ነው" ብዬ ብነግረው፣
"ወዴት?" አለኝ።
እስከ ዛሬ መልስ የለኝም የምሰጠው።

ነጭ በእንቁላል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤ በላዩ ቀይ በዘይት፤
ደግሞ ነጭ፤ ደግሞ ቢጫ፤ ደግሞ ነጭ፤ ኋላ የሌሊት
ሰማያዊ፣ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ የሳሳ፣
የሚጋርድ እንጂ የበታቹን የማያስረሳ።
ብርሃን ይገባል፤ ከሥር ካለው ነጭ ጋር ይላተማል፤
በገባበት ቀለም ሁሉ አልፎ፣ ቀልቶ፣ ሰክሮ፣ ይመለሳል።

ተረቱ የአጎቴ የይርዳው ነው።
አፉላ ነው የነገረን፣ መርካዝ ክሊታ፣
መብራት በጠፋ ማታ።

ጨረቃ ከሳች፤ የጥፍር ቁራጭ አክላ ገደል ወደቀች።
ልጆቿን የቀበረች ጅብ አገኘቻት፤ አጠባች።
ሰው ለቅሶ ሰምቶ ዱላ ይዞ ወረደ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፤
ጡቷ የደረቀ ጅብ አገኘ። ጨረቃ ሞልታ ወጥታለች፣ ቀና ብሎ ማን ያያትና።
"ምን በላሽ?" አሏት።

"ቀለሟ ምን ነበር?" ብዬ ደወልኩለት።
ቆየ። ከጀርባው አውቶቡስ ሲያልፍ ሰማሁ።
"ጨለማ ነበር እኮ" አለኝ፣ "እኔ ምን አይቼ?
ቀለሙን የምታዩት እናንተ ነበራችሁ።"

ስልኩን ዘግቼ፣ ሰባት ቀን ብሩሽ አልነካሁም።

በሚያዝያ ሐምሲን ነፈሰ። መስኮቱን ረስቼ አድሬ
የበረሃ አቧራ እርጥቡ ዘይት ላይ ተኝቶ አገኘሁ፣ ዘጠኝ ሳምንት ጥሬ፣
ዘጠኝ ሳምንት ለፍቼ! ሴምዮን ቢኖር "በምላጭ ፋቂው" ይለኛል።
መርፌ አነሣሁ።
ከጨረቃ ፊት አንድ አንድ እያልኩ ለቀምኩ፣ እስኪመሽ፤
ከጅቧ ጀርባ አልለቀምኩም። ጠጉር ነበር፣ የቆመ፣ የቀዘቀዘ፣ የሚሸሽ።

አጎቴ ሰንበት ሲወጣ መጣ።
መነጽሩን ኪሱ ረስቶ፣ በአፍንጫው ሳንቃውን ሊነካ ሲል፣
"አልደረቀም?" አለ።
"ገና ነው።"
እጁን ወደ ኋላው አጣመረና ተረቱን ከሥሩ ጀመረ፤
ለኔ አይደለም፤ ለጅቧ ነበር የሚናገረው፣
የረሳችው እንዳለ ሊያስታውሳት።

ሲጨርስ፣ ልማድ ነውና፣ "ተረቴን መልሱ፣
አፌን በዳቦ አብሱ" አለ።

ቤቱ ውስጥ ዳቦ አልነበረም።
ሻዩን ላመጣ ስሄድ እጁ መስኮቱ ላይ ደርሷል፤
ስመለስ ያን ደረቅ ቁራሽ ሲያኝክ አገኘሁት፣
ያበዛሁትን ጅብ።

ከንፈሩ ጠቁሯል። ጢሙም።
"ምን በላህ?" ልለው አፌን ከፈትኩ፤
እሱ ግን ቀና ብሎ ወደ ላይ ያይ ነበር፣
ጨረቃዋን ወደ ሣልኩበት ጥግ።